ሃምሳን ሰርዛ ዘጠና ጻፈች

ያ ካልኩሌተር መጀመሪያ እጄ ላይ ግራፍ የሳለ ቀን ክው ነው ያልኩት። አዲስ ዓለም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓመት ያስተማረ አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለተማሪዎቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ጫማ ደረሰው፣ ለአንዷ ብርድ ልብስ፣ ለኔ ደግሞ ወፍራም ጥቁር ካልኩሌተር። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ቤት ወስጄ ኤክስ ስኩዌር ብዬ ጻፍኩና አንዱን ቁልፍ ስጫን፣ የሒሳብ መምህራችን በጠመኔ ስንት ጊዜ እየሳለ የሚያጠፋት ጎድጓዳ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለች መጥታ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለች። እናቴን ጮኬ ጠራኋት። እጇን እየጠራረገች መጥታ አየችና «ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?» አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት።

መመሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። ከቁልፎቹ አንዱ ላይ «ፕሮግራም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሱን ስጫን ባዶ ገጽ ይከፈታል። ባዶ ገጽ ካየሁ መተው አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ክረምቱን በሙሉ እየነካካሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ ማሽኑን እየሰደብኩ ከረምኩ። የመጀመሪያዋ ፕሮግራሜ ጥቂት መስመር ናት። ኤ ስንት ነው፣ ቢ ስንት ነው፣ ሲ ስንት ነው ብላ ትጠይቅና የኳድራቲክ ኢኩዌሽኑን ሁለቱንም መልስ ታወጣለች። መጀመሪያ በትክክል የሠራች ቀን ከአልጋዬ ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። ማሽኑን አንድ ነገር ነግሬው፣ ተረድቶኝ፣ የነገርኩትን አደረገልኝ። በቤታችን እንደዚያ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ አምቦ ተመደብኩ፣ ግብርና ኢኮኖሚክስ። ካልኩሌተሩን በሹራብ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ያኔ ነገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ነበር። አንድ ጎበዝ የተባለ ተማሪ አምስት ሌሎችን ይይዛል፤ አብረው ያጠናሉ፣ አሳይመንት አብረው ይሠራሉ፣ ስማቸው በአንድ ወረቀት ተጽፎ ዲፓርትመንት ይገባል። ከስሜ ጎን «ተጠሪ» የሚል ተጻፈልኝና ራሴን እንደ ሚኒስትር መቁጠር ጀመርኩ።

ከአምስቱ አንዷ የዶርሜ ልጅ ነበረች፣ ከሸነን የመጣች። ከኔ በላይ ያለው አልጋ የሷ ነው። አማርኛዋ መሐል ኦሮምኛ ሳታስበው ዘው ይላል፤ የኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው፣ ከዋጋና ከሰላምታ አያልፍም። በሁለት ግማሽ ቋንቋ አንድ ሙሉ ሐሜት እናወራ ነበር። ሁሉንም ስሌት በእርሳስ፣ በእጇ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምትሠራው። ቀስ ትላለች። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው ያሳክከኛል።

መጀመሪያ ግቢ ስትገባ ሊያደርሷት የመጡት አባቷ ነበሩ፣ ገበሬ ናቸው። በር ላይ ለጥበቃው ሳይቀር «ልጄ ሒሳብ ልትማር ነው» ብለው ነግረውታል። እሷ ይህን ስትነግረኝ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ነበር። ምክንያቱም የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ግቢ ውስጥ «ዋርኒንግ» የሚሉት። ዋርኒንግ ያለበት ሰው በሚቀጥለው ሴሚስተር ካላሻሻለ ይባረራል። የሷ ደግሞ ተሰልቶ ተሰልቶ አንድ ትምህርት ላይ አረፈ። ስታትስቲክስ ላይ ሲ ካመጣች ትቀጥላለች፣ ዲ ካመጣች ወደ ሸነን ትመለሳለች። ስድስታችንም ይህን እናውቃለን።

እኔ ነኝ የማሳልፋት አልኩ። ለስታትስቲክስ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ፤ ለአማካይ፣ ለቫሪያንስ፣ ለኮሪሌሽን፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ አንድ። ከካፌው ጀርባ ባለው ሣር ላይ ስድስታችን ክብ ሠርተን ስንቀመጥ እኔ መሐል ነኝ። ካልኩሌተሩ ለአማካይ የሚሆን የራሱ ቁልፍ እንዳለው ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው፤ ያንን ቀንም ደንግጫለሁ፣ ግን እሱ የሚያስቅ ድንጋጤ ነው።

የሚያስለቅሰው እንዲህ ተጀመረ። ከቡድናችን ከጀልዱ የመጣ አንድ ልጅ አለ፣ እጁ አርፎ የማይቀመጥ። «እስቲ ልየው» ብሎ ተቀበለኝ፤ እኔ ሻይ ላመጣ ተነሳሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጠርቷል። የማያውቀውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለው አዎ ብሎ፣ ያለኝን ፕሮግራም ሁሉ፣ የክረምቷን ጭምር፣ ድምጥማጡን አጥፍቶታል። ሻዩን ጣልኩት። እሪ አልኩ። ሣሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የሞተ ሰው መርዶ የተነገረኝ መስሎት ዞሮ አየኝ። ለልጁ ሦስት ሳምንት ሰላምታ አልሰጠሁትም። ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ፕሮግራሞቹን እንደገና ጻፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሕግ አወጣሁ። ከካልኩሌተሩ ጀርባ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ምንም እንዳትደመስሱ!» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ማንም እንዳይነካውም ከለከልኩ። ቁጥሩን እነሱ ይጠሩልኛል፣ እኔ አስገባለሁ፣ መልሱን እኔ እናገራለሁ። የሸነኗ ጓደኛዬ ጎን ለጎን በእጇ ትሠራለች። መልሷ ከማሽኑ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ወረቀቷን እንኳ ሳላይ «ማሽኑ አይሳሳትም፣ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም እሷ ትሳሳት ነበር፤ አንድ ቁጥር ትዘላለች ወይም ሁለቴ ትደምራለች። ላጲሷን አንስታ ታጠፋና የኔን ትጽፋለች። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኳት ቆጥሬ አላውቅም። ብዙ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ጠቅላላ አሠራሩን አሳየኋት። ፕሮግራም የሚለውን ተጫኚ፣ አማካይ የሚለውን ምረጪ፣ ስንት ቁጥር እንደሆነ ሲጠይቅሽ ንገሪው፣ ከዚያ አንድ በአንድ አስገቢ፣ በቃ። «ሌላ ምንም እንዳትነኪ» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩባት። «ኧረ አልነካም» አለች፣ ከልቧ።

የሷ ትንሿ ካልኩሌተር የእኩል ይሆናል ቁልፏ ተነቅሎ ከጠፋ ቆይቷል። ይህ ግን ማንንም አያሳስብም። በፈተና ክፍል ስልክ አይገባም፣ ወረቀት አይገባም፣ ካልኩሌተር ግን ይገባል፤ የሌለው ተማሪ እጁን ሲያወጣ ፈታኙ ራሱ ከጨረሰ ተማሪ ተቀብሎ ይወስድለታል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው። ፈታኙ ካልኩሌተሩን ገልብጦ ከሽፋኑ ሥር የተደበቀ ወረቀት እንዳለ ያያል፣ ያስረክባል። ማሽን ራሱ ነገር ሊያስታውስ እንደሚችል ማን አስቦት። ኩረጃ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም። እኔ የጻፍኩት ነገር ነው፣ የራሴ ላብ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ክፍል አጫጭር መልስ ነበር፣ አሠራር አይጻፍበትም፣ መልሱን ብቻ ባዶ ቦታው ላይ ማስፈር ነው። ሦስት የአማካይ ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው በባኮ በኩል ከስድስት ማሳዎች የተገኘ የበቆሎ ምርት ነው፤ በሄክታር አርባ ሁለት ኩንታል፣ አርባ አምስት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስልሳ። ሁለተኛው የአምስት ቀን ዝናብ፣ ሦስተኛው የአራት ተማሪዎች ክብደት። ጨረስኩና እጄን አወጣሁ። ፈታኙ መጥቶ ካልኩሌተሩን ገለበጠው፣ ፕላስተሩን አየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምንም እንዳትደመስሱ!» ብሎ አነበበና ክፍሉን አሳቀው። ከዚያ ሦስት ረድፍ ኋላ ለተቀመጠችው ጓደኛዬ ወስዶ ሰጣት። ዞር ብዬ አየኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

ውጤት ሲለጠፍ በስም አይደለም፣ በመታወቂያ ቁጥር ነው። የሷን ቁጥር ከራሴ እኩል በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰው እየገፋሁ፣ እየተገፋሁ ሰሌዳው ሥር ደረስኩና በጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። ዲ። ሌላ ሰው ቁጥር ላይ ያረፍኩ መስሎኝ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ዲ። እሷ ከኋላዬ ቆማ «ስንት ነው?» ትለኛለች፤ ወደሷ ዞርኩ። ፊቴን አይታ ነው የገባት።

በማግስቱ ቅሬታ ያለው ተማሪ ወረቀቱን የሚያይበት ቀን ነበር። ተከትያት መምህሩ ቢሮ ገባሁ። መምህሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ንቅንቅ የማይል። ወረቀቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው የበቆሎው ጥያቄ ላይ ነው። ዘጠና ብላለች።

«አንቺ!» አልኩ፣ መምህሩ መኖሩንም ረስቼ። «ትልቁ ማሳ የሰጠው ስልሳ ነው። አማካዩ እንዴት ዘጠና ይሆናል? ዓይንሽ የት ነበር?»

ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ወረድኩ። ዝናቡ መቶ ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትር። የአራቱ ተማሪዎች አማካይ ክብደት ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ደርሶ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ አራት ተማሪዎች! የፈተናው ክፍል እንኳ አይበቃቸውም።

ከዚያ ነው ከየመልሱ ሥር በእስክሪብቶ አንድ አንድ መስመር የተሰረዘ ነገር ያየሁት። አጎንብሼ አነበብኩት። ከዘጠና ሥር የተሰረዘው ሃምሳ ነው። ከመቶ ሃያ ስምንት ሥር ሃያ። ከሁለት መቶ ሃያ ሥር ስልሳ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱንም እኔ ወረቀቴ ላይ ጽፌያቸዋለሁ።

«ሃምሳ ብለሽ ነበር?» አልኳት።

«በእጄ ስሠራው ሃምሳ መጣልኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ማሽኑ ዘጠና አለኝ። አንቺ ሁልጊዜ…» አልጨረሰችውም።

መምህሩ ደንግጦ ወረቀቱን ወደሱ ሳበው። እሱም ገና ማየቱ ነው። በእርሳሱ ጫፍ ሦስቱን ነጥብ ደመረና ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ ቢያዙልሽ ሲ ትገቢ ነበር» አላት። ልመና ጀመርኩ። «ተማሪ ራሱ የሰረዘውን መልስ እንዴት አርመዋለሁ?» አለ። «ዛሬ ለሷ ባደርግ ነገ ስንቱ ሰርዞ ይመጣል?» ክፉ ሰው አልነበረም። ስንወጣ በሩን ራሱ ነው የከፈተልን።

ዶርም እንደገባን ነገረ ሥራዬ ሁሉ ቁጣ ሆነ። ማሽኑ ዘጠና ሊል አይችልም፤ አንድ ቁጥር ተሳስተሽ አስገብተሻል፣ አለዚያ ሌላ ቁልፍ ነክተሻል አልኳት። ካልኩሌተሩን አልጋዋ ላይ ወርውሬ «እስቲ እንዴት እንዳደረግሽ አሳዪኝ» አልኩ። ቁጭ አለችና ልክ እንዳስተማርኳት፣ አንድም ሳታዛንፍ፣ ስድስቱን ቁጥሮች አስገባች። የመጣው ቁጥር ሃምሳ አይደለም። «አየሽ!» ብዬ ቀማኋት። እኔ ስሠራው ሃምሳ። መልሼ ሰጠኋት። እሷ ስትሠራው መቶ። እኔ፣ ሃምሳ። እሷ፣ መቶ።

ያኔ ያለችኝን ነገር ዛሬም አልረሳውም። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸውና «እኔ ስነካው ነው የሚበላሸው» አለች።

ልመልስላት ወደ ማሽኑ ስዞር አውራ ጣቴ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ፕሮግራሙን ከመክፈቴ በፊት፣ እኔ ሳላዘው፣ ዜሮ ተጫነና ኤስ የምትባለው ቦታ ውስጥ አስቀመጠው። ኤስ የቁጥሮቹ ድምር የሚጠራቀምባት ናት። ያለፈው ሰው ድምር ካልወጣላት እዚያው ትይዘዋለች፣ ማሽኑ ቢጠፋም አትለቀውም። ገበያ ላይ የፊተኛው ሰው ጤፍ ሳይደፋ በዚያው ጣሳ እንደመስፈር ነው። ዜሮ አድርጊያት የሚለው መስመር ፕሮግራሙ ውስጥ መኖር ነበረበት። የለም። ኖሮም አያውቅም። መጀመሪያ ከጻፍኩት ቀን ጀምሮ ጣቴ ሲያደርገው ስለኖረ አእምሮዬ የተጻፈ መስሎታል። ካልኩሌተሩን ሌላ ሰው እንዲነካ ባለመፍቀዴ ደግሞ ስህተቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይታይ ቀረ። እሷ ፈተና ላይ ስትቀበለኝ የኔ የአራቱ ተማሪዎች ድምር፣ ሁለት መቶ አርባው፣ ውስጡ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። እሱ ላይ የበቆሎውን ሦስት መቶ ጨመረች፣ ለስድስት አካፈለች፣ ዘጠና።

እሷ አልጋዋ ላይ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «እንጃ» አልኩ፣ «የሆነ ነገር ነክተሽ ይሆናል»።

ይህን ነው ያልኩት። ስንት ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ያን ጊዜ ያልኩትን ሳስታውስ ለብቻዬ ፊቴ ይቀላል።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፕሮግራሙን፣ ኤስን፣ ጣቴን። አንዷን ስሌት ራሱን አሠራሁት። ስክሪኑን ደጋግሞ ካየ በኋላ እንደኔው ደነገጠ፣ ግን በሌላ ነገር ነው የደነገጠው።

«ይህ ነገር ፈተና ውስጥ ገብቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ መምህር።»

«ለስንት ፈተና?»

እጄን ወደ ካልኩሌተሩ ዘረጋሁ።

ካልኩሌተሩን ቀስ ብሎ ወደኔ ገፋው። «የነገርሽኝን ልጽፈው እችላለሁ» አለ። «ከጻፍኩት ግን ሁለታችሁም ዲሲፕሊን ትቀርባላችሁ። አንቺ ይዘሽ በመግባትሽ፣ እሷ በመጠቀሟ። እሷ አሁን በውጤት ነው የምትሄደው፣ ከዓመት በኋላ አመልክታ ልትመለስ ትችላለች። በኩረጃ ከሄደች ግን መመለሷን እንጃ። ልጻፈው ወይስ አልሰማሁም ልበል?»

ካልኩሌተሩን አነሳሁና ወጣሁ። ለሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኔም እንዳልባረር ነው።

የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሻንጣዋን እየተጋገዝን መናኸሪያ ወሰድነው። የሸነን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገና አልሞላም፤ ሾፌሩ ከዛፍ ሥር ቆሎ ይበላል። ሻንጣው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም፣ እሷ ደግሞ «ብይ እንጂ፣ ትታመሚያለሽ» እያለች ሙዝ ትልጥልኛለች። ሙዙን ስቀበላት አላስችል አለኝ። ነገርኳት። እንዳትጠይቀኝ፣ እንዳታቋርጠኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት። ፕሮግራሙ ላይ የጎደለው መስመር የኔ ነው፣ እጅሽ ምንም አላደረገም፣ ዶርም ሆነን ገብቶኝ ነበር፣ ዋሸሁሽ፣ መምህሩ ዘንድም ሄጄ ፈርቼ ተመለስኩ።

በጥፊ ብትለኝ እፈልግ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ብታለቅስ፣ ተነስታ ብትሄድ ለሁሉም ተዘጋጅቻለሁ። የሙዙን ልጣጭ የያዘ እጇ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ዹጉማ?» አለች። እውነትሽን ነው?

«እውነቴን ነው።»

«ሃምሳው ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ሃያውስ? ስልሳውስ?»

«ሦስቱም ልክ ናቸው። ያንቺ ልክ ነበር።»

ፊቷ ቀስ ብሎ በራ። ያን የመሰለ ፈገግታ በሁለት ዓመት ውስጥ አይቼባት አላውቅም። «ሠርቼው ነበር ማለት ነው» አለች። ደግማ ለራሷ በኦሮምኛ አለችው። ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ። «እኔ እኮ አልችልም ብዬ ነው! ጭንቅላቴ ለቁጥር አልተሠራም ብዬ ነው! ሠርቼዋለሁ እኮ!» ከተባረረችበት ከተማ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ በደስታ ታለቅስ ጀመር። እኔ ደንዝዤ አያታለሁ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ስልኳን አወጣችና ደወለች። አባቷ ናቸው። በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ስትነግራቸው የሚገባኝ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው፤ ሃምሳ፣ ሃያ፣ ስልሳ። ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። «አንቺ ንገሪልኝ» አለች፣ «እኔ ብነግራቸው ለማጽናናት ነው ይላሉ። አንቺን ያምኑሻል»።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ?» አልኩ፣ እንዴት ነዎት ለማለት።

«ፈያ፣ ፈያ» አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ፣ «እሷ የምትለው እውነት ነው? ሠርታው ነበር?»

«አዎ አባባ። ሦስቱንም።»

«በራሷ እጅ?»

«በራሷ እጅ።»

ከኋላቸው ሰው ከብት ሲነዳ ይሰማኛል።

«ሠርታው ከነበረ» አሉ፣ «ለምን ሰረዘችው?»

ጓደኛዬን አየኋት። ጥያቄውን አልሰማችም፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ አባቴ ምን አሉ በሚል ዓይን፣ እየሳቀች ታየኛለች።

«እኔን አምና ነው» አልኳቸው።

የሚመጣውን እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በይ ጀባዹ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ በመጨረሻ። በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው።

ስልኩን መለስኩላት። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፣ ሻንጣዋን አንስተን ጫንን። ቅጥቅጡ ሲንቀሳቀስ እሷ መስኮቱ ጋ ሆና ከአባቷ ጋር እየሳቀች ታወራ ነበር፤ እኔ መናኸሪያው መሐል፣ ያልበላሁትን ሙዝ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።